አመሏን ስትረሳ

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት
ከእንግዲህ ስሰማው አንዲት ሐረግ አለችኝ የምጨምርበት፦
ከረሳችስ? ያኔ ምናኔ አይምሰልህ፣ ቶሎ ሐኪም ጥራ፤
ጤነኛ ድመት ሙቅ አልጋ ጥላ አታድርም ከመጥረጊያ ጋራ።

አብሽ የሚለውን ስም እኔ ነኝ ቀለሟን አይቼ ያወጣሁላት፤
የፊተኛው አይስላንዳዊ ነው፣ ምላሴ እየተሰናከለ አልጠራ ብሏት።
ሚስተር ሲጉርድሰን፣ የሳርጀንት ጎዳና የታች ቤት ጎረቤት፣
ድመት ወደማይፈቀድበት መጦሪያ ሲገባ ለእኔ የተዋት ናት።
እሁድ እሁድ ማታ ስልክ ይደውልና
«ትበላለች?» ይለኛል፣ ሳይጠይቅ የኔን ጤና።
«ትበላለች» እለዋለሁ።
ሌላ ወሬ የለንም።

ዊኒፔግ ላይ፣ ከዜሮ በታች ሰላሳ ሁለት፣
ገና ሳይነጋ እደርሳለሁ፤ ሥራዬ ኩላሊት እጥበት።
የሰው ደም በቱቦ ወጥቶ ታጥቦ እስኪገባ ቆሜ፣
ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየም፣ ቁጥር ነው ሕልሜ።
ፊቱ ያበጠውን፣ ውሃ የጠማውን፣ ገና ከበር ለይቼ
«ትናንት ምን ጠጣህ?» እላለሁ ተቆጥቼ።

ቤቴ ስገባ ግን ዓይኔን ከካፖርቴ ጋር በር ላይ ሰቅዬ፣
አብሽ ከገንዳው ቧንቧ ጠብታ ስትልስ፣ ታስቃለች ብዬ፣
በስልኬ ቀረጽኩ፣ ለጓደኛ ላክኩ፤
አሸዋዋ ላይ የሽንቷ ጓል ቡጢ ሲያህል፣ ፋብሪካውን ሰደብኩ።
የጀርባዋ ፀጉር ገመድ ሲሠራ፣ ራሷን መላስ ስትተው፣
«ክረምት አይደል? ለማን ትዋብ?» አልኩ፣ እኔንም ብርዱ አስንፎኝ ነው።
መስኮቱ ደፍ ላይ መዝለል ሲያቅታት ወንበር አስጠጋሁላት፤
መርዳቴ መሰለኝ። ለካ ምልክቷን ነው የሸፈንኩባት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤
የደበቅኩትስ እኔ ከሆንኩ፣ ተረቱ ምን ይላል?

አንድ ማክሰኞ በር ስከፍት አልመጣችም።
ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣ ከአቧራው መሀል አወጣኋት፤
ቀለለችኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደተረሳ ጓንት።
አፏን ወደ ፊቴ አዙራ ተነፈሰች።
ያን ሽታ አውቀዋለሁ።
የዛገ ብረት፣ ያደረ ሽንት፣
በየጠዋቱ ከሦስተኛው አልጋ የሚመጣ ትንፋሽ።
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሥራ ቦታ ያለሁ መሰለኝ።

ዶክተር ፍሪዘን አንገቷን ላጭቶ ደም ቀዳ። ቁጥሩን በግልባጭ አነበብኩት ከጠረጴዛው ማዶ፤
እሱ አፉን ሳይከፍት ሆዴ ውስጥ በረዶ።
«ውሃ ማብዛት የጀመረችው መቼ ነው?» አለኝ፤
ሰው ስጠይቅበት የኖርኩት ጥያቄ መልስ አሳጣኝ።
«ድመት መች ትናገራለች» አለ ሊያጽናናኝ።
«ተናግራለች» አልኩት።

አሁን ከካፖርቱ ጎን የውሃ ከረጢት ይንጠለጠላል፤
መቶ ሚሊ ሊትር ከማጅራቷ ቆዳ ሥር ይገባል፣
እንደ በሬ ሻኛ አብቅላ ትገላምጠኛለች።
ቅዳሜ የሕፃን ሚዛን ላይ ትወጣለች፤
ሃያ ግራም ብትጎድል ደብተሬ ያውቃል።
ድዷን ገልጬ ሮዝነቱን አያለሁ፣ ስትተኛ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤
ለፋሲካ ማሪሴል የሰጠችኝን ነጭ ሊሊ ሥራ ቦታ ትቼዋለሁ፣
የአበባው ብናኝ እንኳ ለድመት ኩላሊት መርዝ ነውና።
የላይኛው ፎቅ ልጅ፣ ወንድ ድመት ያለው፣ ደረጃ ላይ አገኘኝና
«አሸዋው ላይ ደጋግሞ ያምጣል፣ ጠብ የሚል የለም፤ እስኪነጋ ልየው?» ሲል
ቁልፌን አወጣሁ። «እስኪነጋ ይሞታል። ና፣ እኔ እነዳለሁ።»

እሁድ ስልኩ ጮኸ።
«ትበላለች?»
ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፣ ቁጥሩን ጭምር።
ከመስመሩ ማዶ የኦክስጅን ማሽኑ ሲተነፍስ ይሰማኛል።
«እኔ ዘንድም ከገንዳው ትጠጣ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።
«ደስ ይለኝ ነበር።»

አብሽ ወደ ሳህኗ ሄደች።
ተንበርክኬ ስልኩን አጠገቧ አኖርኩት፣
ስትበላ እንዲሰማት።